በኔዘርላንድስ ዶክትሬት ማለት ሥራ ማለት ነው

ወደ ኔዘርላንድስ ዩኒቨርሲቲዎች ከሚላኩ የዶክትሬት ጥያቄዎች ብዙዎቹ «ስኮላርሺፕ አላችሁ ወይ?» ብለው ይጀምራሉ። ጥያቄው ከመነሻው መንገድ ያስታል። እዚያ አገር ዶክትሬቱን የሚሠራ ሰው በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲው ተቀጣሪ ነው፤ በደችኛ «ፕሮሞቬንዱስ» ይሉታል። ዩኒቨርሲቲው ክፍት የሥራ ቦታ ያወጣል፣ አመልካቾች ይወዳደራሉ፣ ያለፈው ውል ይፈርማል፣ ደመወዝ ይከፈለዋል፣ ጡረታም ይቆረጥለታል። ተቀጣሪው የትምህርት ክፍያ አይከፍልም። ስለዚህ በዓመት አንዴ የሚከፈት የቅበላ ወቅት መጠበቅ ወይም ነጻ የትምህርት ዕድል የሚያድል ቢሮ ማፈላለግ ጊዜ ያባክናል። የሚፈለገው ሥራ ነው፤ አፈላለጉም የሥራ መሆን አለበት።

በ14ቱ የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች የዶክትሬት ተመራማሪ ደመወዝ የሚወሰነው በአንድ የጋራ የሥራ ስምምነት ነው። ከ2025 አጋማሽ ጀምሮ በነበረው ሠንጠረዥ ሙሉ ሰዓት የሚሠራ ሰው በመጀመሪያው ዓመት በወር 3,059 ዩሮ፣ በአራተኛው ዓመት 3,881 ዩሮ ያገኝ ነበር። ይህ ግብርና ጡረታ ሳይቆረጥ ነው። በላዩ ላይ የዓመቱ ደመወዝ 8 በመቶ የዕረፍት አበል፣ 8.3 በመቶ ደግሞ የዓመት መጨረሻ ክፍያ አለ። ሙሉ ሰዓት የሚባለው በሳምንት 38 ሰዓት ሲሆን በዓመት 232 ሰዓት ፈቃድ ይሰጣል። ሠንጠረዡ ለሁሉም አንድ ስለሆነ ሮተርዳም ከግሮኒንገን ይበልጥ ይከፍል ይሆን ብሎ ማወዳደር ወይም የመነሻ ደመወዝ መደራደር ትርጉም የለውም። የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችና አንዳንድ ራሳቸውን የቻሉ የምርምር ተቋማት ግን የራሳቸው ስምምነት አላቸው፤ ቁጥሩ ትንሽ ይለያል።

ውሉ ብዙውን ጊዜ የ4 ዓመት ነው፤ በሳምንት 4 ቀን ለሚሠራ ሰው ወደ 5 ዓመት የሚዘረጋበትም ጊዜ አለ። ነገር ግን በመጀመሪያ የሚፈረመው የ4 ዓመቱ አይደለም። ከ12 እስከ 18 ወር የሚሆን የመጀመሪያ ውል ይሰጥና ከማብቃቱ በፊት ግምገማ ይደረጋል፤ ግምገማውን ያለፈ እስከ 48 ወር ይራዘምለታል። ማስታወቂያው ላይ «18 ወር» የሚል አይቶ «ይህማ አጭር ነው» ብሎ ማለፍ የተለመደ ስህተት ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ልዩነት አለ። በኔዘርላንድስ ዶክትሬት የሚሠራ ሰው ሁሉ ተቀጣሪ አይደለም። ከራሱ መንግሥት ወይም ከሌላ ድርጅት ገንዘብ ይዞ የሚመጣ አለ። በራሱ ጊዜና ወጪ የሚሠራ ውጫዊ ተመራማሪም አለ፤ «ቦይተንፕሮሞቬንዱስ» የሚባለው ነው። አንድ ፕሮፌሰር «ሐሳብህ ጥሩ ነው፣ የራስህ ገንዘብ ካለህ ልቀበልህ እችላለሁ» ብሎ ከመለሰ ያቀረበው ይህንኑ ነው። ግብዣው ከልብ ሊሆን ይችላል፤ ሥራ ግን አይደለም። ደመወዝ የለውም፣ ለምርምሩ ወጪ ገንዘብ የሚጠየቅበት ጊዜም አለ። ሁለቱን ለመለየት ሦስት ነገር ማየት ይበቃል፦ ማስታወቂያው የደመወዝ መጠን ጽፏል? የጋራ የሥራ ስምምነቱን ጠቅሷል? «ኤፍቲኢ» የሚል የሥራ ሰዓት መለኪያ አለው? ሦስቱም ካሉ ቅጥር ነው።

በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የሚከፈቱት የማሪ ስክሎዶቭስካ-ኩሪ የዶክትሬት መረቦችም፣ ማለትም የተለያዩ አገሮች ተቋማት በአንድ ፕሮጀክት ሥር ተመራማሪ የሚቀጥሩባቸው፣ ቅጥር ናቸው፤ ሕጋቸው ግን የተለየ ነው። የኅብረቱ ገንዘብ በአብዛኛው ለ36 ወር ነው፤ የደች ዩኒቨርሲቲዎች አራተኛውን ዓመት ከራሳቸው የሚጨምሩበት ጊዜ ስላለ ማስታወቂያው ላይ ማረጋገጥ ነው። ከዚያ በላይ ሰው የሚጥለው የመኖሪያ ደንቡ ነው። ከቅጥሩ ቀን በፊት በነበሩት 36 ወራት ውስጥ ቀጣሪው ባለበት አገር ከ12 ወር በላይ የኖረ፣ የተማረ ወይም የሠራ ሰው አይቀጠርም። ሁለት ዓመት ሙሉ በዋኽኒንገን ማስተርስ ተምሮ በቅርቡ የጨረሰ ሰው በኔዘርላንድስ ላለው የዚህ መረብ ቦታ ብቁ አይሆንም። በዚያው መረብ ውስጥ ቤልጅየም ወይም ስፔን ላለው ቦታ ግን ብቁ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳያዩ የሚያመለክቱ ጎበዞች በመጀመሪያው ማጣሪያ ይወድቃሉ፤ ያሳዝናል፤ ደንቡ እኮ ማስታወቂያው ላይ ተጽፎ ነበር።

ቦታው የሚገኝበት

ዋናው ገበያ «አካዴሚክ ትራንስፈር» የሚባለው የደች ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት የጋራ የቅጥር ድረ ገጽ ነው። «ፒኤችዲ» የሚለውን የሥራ ዓይነትና የትምህርት ዘርፉን መርጣችሁ የኢሜይል ማንቂያ አስቀምጡ። «ዩራክሰስ» የሚባለው የአውሮፓ ገጽም ይጠቅማል፤ በተለይ ለማሪ ኩሪ መረቦች። ቦታዎች ዓመቱን ሙሉ ይወጣሉ፤ ማስታወቂያው የሚቆየው ግን ጥቂት ሳምንታት ብቻ ስለሆነ በወር አንዴ የሚያይ ሰው ብዙ ያመልጠዋል።

በፍለጋው ላይ የምትጽፉት ቃል ለውጥ ያመጣል። «ግብርና» ብሎ መፈለግ ባሕር ውስጥ መርፌ መፈለግ ነው። የምታውቁትን ዘዴ ፈልጉ፦ «ሪሞት ሴንሲንግ»፣ «ሞለኪውላር ብሪዲንግ»፣ «የቤተሰብ ዳሰሳ ጥናት»፣ «የከርሰ ምድር ውኃ ሞዴል»። የእናንተ ችሎታ የሚፈለግበት ቦታ በሌላ ዘርፍ ስም ሥር ተሸሽጎ ሊሆን ይችላል። የሳተላይት ምስል መተንተን የሚችል የደን ባለሙያ በኤፒዲሚዮሎጂ ክፍል ሊፈለግ ይችላል፤ የወባ ትንኝ መራቢያ ካርታም የሚሠራው በዚያው ዘዴ ነውና።

የትኛው ተቋም በምን እንደሚታወቅ ማወቅም ያግዛል። ዋኽኒንገን የግብርና፣ የምግብና የአካባቢ ነው። ደልፍት፣ አይንድሆቨንና ትዌንተ የምህንድስና ናቸው። በትዌንተ ሥር ያለው አይቲሲ ኤንስኬዴ ውስጥ ሲሆን በካርታና በመሬት ምልከታ ሥራ ይታወቃል። ደልፍት ከተማ ላይ አይኤችኢ የሚባል የውኃ ትምህርት ተቋም አለ። የሮተርዳሙ ኢራስመስ ዩኒቨርሲቲ ሄግ ላይ አይኤስኤስ የተሰኘ የልማት ጥናት ተቋም አለው። ላይደን የአፍሪካ ጥናት ማዕከል አለው። ቲልበርግ በኢኮኖሚክስና በሕግ ጠንካራ ነው። ከዩኒቨርሲቲዎች ውጭም በሒሳብና ኮምፒውተር ሳይንስ አምስተርዳም ያለው ሲደብሊውአይ፣ በባሕር ሳይንስ ቴክሰል ደሴት ያለው ኒኦዝ የዶክትሬት ተመራማሪ ይቀጥራሉ፤ ዲግሪውን የሚሰጠው ግን አብሯቸው የሚሠራ ዩኒቨርሲቲ ነው። እነዚህን ብዙ አመልካች አያያቸውም።

ገንዘቡን መከተል

ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት የሚታይ ምልክት አለ፤ የሚጠቀምበት ሰው ጥቂት ነው። ፕሮፌሰሩ ከኪሱ ሰው አይቀጥርም፤ ብዙውን ጊዜ ያሸነፈው የምርምር ገንዘብ አለ። የኔዘርላንድስ የምርምር ምክር ቤት ቪዲና ቪቺ የተባሉ ድጋፎችን ይሰጣል፤ የአውሮፓ የምርምር ምክር ቤት ደግሞ ለጀማሪ ተመራማሪዎች እስከ 1.5 ሚሊዮን ዩሮ፣ ለመካከለኞቹ እስከ 2 ሚሊዮን፣ ለነባሮቹ እስከ 2.5 ሚሊዮን ይሰጣል፤ በአብዛኛው ለ5 ዓመት ነው። ከዚህ ገንዘብ ብዙው ለሰው ደመወዝ የሚውል ነው፤ አንድ አሸናፊ ሁለትና ሦስት የዶክትሬት ቦታ ሊከፍት ይችላል። የአሸናፊዎቹ ስምና የፕሮጀክታቸው ርዕስ ለሕዝብ ይፋ ይደረጋል። የአውሮፓው የጀማሪዎች ውጤት ብዙውን ጊዜ በሴፕቴምበር፣ የመካከለኞቹ በዲሴምበር ይወጣል። ቅጥሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ከሥራችሁ ጋር የሚገጥም ርዕስ ካለ መጻፍ የሚገባችሁ ያኔ ነው። መንግሥት በ2024 የከፍተኛ ትምህርት በጀት ለመቀነስ ከተነሣ ወዲህ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ከራሳቸው በጀት የሚቀጥሩትን ሰው ስላሳነሱ እንዲህ ያለው የውጭ ገንዘብ ይበልጥ ወሳኝ ሆኗል።

ኢሜይሉ ከ10 መስመር አይለፍ። ማን እንደሆናችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር፤ የትኛው ፕሮጀክታቸው እንደሳባችሁ በስሙ፤ ከዚያ ጋር የሚገናኝ የሠራችሁት ሥራ በሁለት ዓረፍተ ነገር፤ በመጨረሻም አንድ ጥያቄ፦ በመጪዎቹ ወራት ለዚህ ፕሮጀክት የዶክትሬት ቦታ ታወጣላችሁ ወይ? ሲቪ ብቻ አያይዙ። ዲፕሎማ፣ ትራንስክሪፕትና የድጋፍ ደብዳቤ ሁሉ የታጨቀበት ኢሜይል፣ በተለይ ስማቸው ሳይጠራ «ውድ ፕሮፌሰር» ብሎ የሚጀምር፣ ለመቶ ሰው የተላከ መሆኑ ከሩቅ ይታወቃል። መልሱ በአብዛኛው «የቅጥር ገጻችንን ተከታተሉ» የሚል ነው። ቅር አይበላችሁ፤ ቦታው በይፋ መውጣትና በውድድር መሞላት ስላለበት ነው እንዲህ የሚሉት። ማስታወቂያው ሲወጣ ስማችሁ አዲስ አይሆንባቸውም።

ማመልከቻው

ከሁሉ በፊት ማስታወቂያውን ሁለቴ አንብቡ። የግድ የሚሉትንና «ቢኖር ይመረጣል» የሚሉትን ለዩ። ከግዴታዎቹ አንዱ ከጎደለ፣ ለምሳሌ የምርምሩ ተሳታፊዎች ደች ታካሚዎች ሆነው ደችኛ ከተጠየቀ፣ ተዉት። ከተመራጮቹ ሁለት ሦስት ቢጎድሉ ግን አመልክቱ። የማስተርስ ዲግሪ በሁሉም ቦታ ማለት ይቻላል ይጠየቃል፤ ገና ያልጨረሰ ሰው ሥራው ከሚጀመርበት ቀን በፊት የሚጨርስበትን ወር በግልጽ ይጻፍ።

ብዙ የደከመ ሰው ሳይቀር የሚሳሳተው የራሱን የምርምር ንድፍ በመላክ ነው። አብዛኛው ቦታ የሚከፈተው አስቀድሞ ለተጻፈና ገንዘብ ለተፈቀደለት ፕሮጀክት ነው። ርዕሱ ተወስኗል። ሳይጠየቁ ሌላ ንድፍ ማያያዝ «የእናንተን ፕሮጀክት አላነበብኩትም» ማለት ነው። በማስታወቂያው ላይ ንድፍ ከተጠየቀ ብቻ፣ በተባለው የገጽ ልክ ይላክ። በሰብአዊ ሳይንሶች አመልካቹ ራሱ ንድፍ የሚያቀርብባቸው ውድድሮች ከሌላው ዘርፍ ይበልጥ ይገኛሉ።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ ቢበዛ አንድ ተኩል አይለፍ። ከልጅነት ምኞት መነሣት፣ ኔዘርላንድስን ማወደስ፣ «ታታሪና በቡድን መሥራት የምችል ነኝ» ማለት ቦታ ይፈጃል እንጂ ለኮሚቴው የሚነግረው ነገር የለም። ኮሚቴው የሚፈልገው ሁለት መልስ ነው፦ ይህ ሰው ፕሮጀክታችን ገብቶታል? ሥራውን ሊሠራ ይችላል? ለመጀመሪያው መልስ ከፕሮጀክቱ አንድ ከባድ ጥያቄ አንሡና ለምን ከባድ እንደሆነ ተናገሩ። ለሁለተኛው የሠራችሁትን በመጠን ጻፉ። «ስታቲስቲክስ አውቃለሁ» ከሚለው ይልቅ «ከሦስት ወረዳ የተሰበሰበ የ420 አባወራዎች መረጃ አጽድቼ በአር ፕሮግራም በሎጂስቲክ ሪግሬሽን ተንትኛለሁ፤ ኮዱም ይፋ ነው» የሚለው ይናገራል። ምን እንደከበዳችሁና እንዴት እንደተወጣችሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ብትጨምሩ ደብዳቤው ሰው የጻፈው ይመስላል። አንዱን ደብዳቤ የዩኒቨርሲቲውን ስም እየቀየሩ ለ30 ቦታ ከመላክ፣ እያንዳንዱን እንደ አዲስ እየጻፉ ለ8 ቦታ መላክ ይሻላል።

በሲቪው ላይ ለኢትዮጵያ አመልካቾች ሦስት ነገር ልብ ይባል። አንደኛ ቀኖች ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ይሁኑ፤ ዲፕሎማው በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ከሆነ ከሲቪው ጋር የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ያሳይና ጥያቄ ያስነሣል። ሁለተኛ ስም በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይጻፍ፤ በዲግሪው ላይ ያለው አጻጻፍ ከተለየ አስቀድሞ ይስተካከል ወይም ይገለጽ። ሦስተኛ ደች አገር ውጤት የሚሰጠው ከ10 ስለሆነ «3.7» ብቻ ተብሎ ቢጻፍ ምንም አይነግራቸውም፤ «3.7 ከ4.0፣ ከ45 ተመራቂዎች ሦስተኛ» የሚለው ግን ይነግራቸዋል። ፎቶ፣ ሃይማኖትና የጋብቻ ሁኔታ አያስፈልጉም። የመመረቂያ ጽሑፉ አጭር መግለጫ ግን አይቅር።

ማጣቀሻ የሚሆኑ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ይጠየቃሉ። የመጀመሪያው የማስተርስ ጽሑፋችሁ አማካሪ ቢሆን ይመረጣል፤ እሱ ከቀረ ኮሚቴው ለምን ብሎ ይጠይቃል። ብዙውን ጊዜ የሚገናኟቸው ቃለ መጠይቁ አካባቢ ነው፤ ቀኑ አጭር ነው። ስለዚህ ማስታወቂያውንና ደብዳቤያችሁን አስቀድማችሁ ላኩላቸው፤ ኢሜይል በየስንት ቀኑ እንደሚከፍቱም እወቁ። የታወቀ ስም ኖሮት ለሁለት ሳምንት መልስ ከማይሰጥ ሰው ይልቅ በማግሥቱ ዝርዝር የሚጽፍ መምህር ይጠቅማል።

ማመልከቻ የሚገባው በዩኒቨርሲቲው የቅጥር ገጽ ነው። በኢሜይል የተላከ አይቆጠርም፤ ካልተባለ በቀር። የመዝጊያው ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ በኔዘርላንድስ 23፡59 ነው፤ በክረምታቸው በእኛ ከሌሊቱ 7፡59፣ በበጋቸው ከሌሊቱ 6፡59 ይሆናል። ወደዚያ ሰዓት አታድርሱት። አንዳንድ ማስታወቂያ ማመልከቻዎች እንደደረሱ እየታዩ እንደሚሄዱና ቦታው ከቀኑ በፊት ሊሞላ እንደሚችል ይናገራል፤ እንዲህ ያለውን በመጀመሪያው ሳምንት ላኩ።

ቃለ መጠይቁ

ብዙ ጊዜ ሁለት ዙር ነው፤ የመጀመሪያው በኢንተርኔት። ዋናው ፕሮፌሰር፣ የዕለት ተዕለቱ አማካሪ፣ አንዳንዴም ከቡድኑ አንድ የዶክትሬት ተመራማሪ ይቀመጣሉ። ስለ ማስተርስ ሥራችሁ የ10 ወይም የ15 ደቂቃ ገለጻ ሊጠየቅ ይችላል፤ 10 ከተባለ በ10 ጨርሱ። ደቾች ፊት ለፊት ይናገራሉ። «ይህ ናሙና ትንሽ አይደለም ወይ?» ሲሉ ሊያዋርዱ ፈልገው አይደለም፤ ስትከራከሩ ማየት ይፈልጋሉ። በአክብሮት ዝም ማለት ወይም ከፕሮፌሰሩ ጋር ሁሉ መስማማት እዚያ እንደ ትሕትና አይታይም፤ ሐሳብ እንደሌለው ሰው ያስቆጥራል። «አዎ ትንሽ ነው፣ ምክንያቱ ይህ ነበር፣ ዛሬ ብሠራው እንዲህ አደርገው ነበር» የሚል መልስ ይወዱታል። ያላወቁትን አላውቅም ብሎ እንዴት እንደሚያጣሩት መናገርም እንዲሁ።

እናንተም ጠይቁ። በየስንት ጊዜው ከአማካሪው ጋር ይገናኛሉ? ከእሱ ጋር ስንት የዶክትሬት ተመራማሪ ይሠራል? ለማስተማር የሚውለው ጊዜ ስንት በመቶ ነው? የመጀመሪያው ዓመት ግምገማ በምን ይለካል? ከተቻለ አሁን እዚያ ከሚሠራ ተመራማሪ ጋር ብቻችሁን ተነጋገሩ። አራት ዓመት ከአንድ አማካሪ ጋር ነውና ይህ ከከተማውም ከዩኒቨርሲቲው ስምም ይበልጣል። ከቃለ መጠይቅ በኋላ ካልተሳካ አጭር አስተያየት ቢጠየቁ ብዙዎቹ ይመልሳሉ፤ ማመልከቻ ላይ ብቻ ለወደቀ ሰው ግን ምክንያት የሚጽፍ ጥቂት ነው።

ከተመረጣችሁ በኋላ

ቪዛውን የሚጀምረው ዩኒቨርሲቲው ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ፣ በአይኤንዲ፣ ዕውቅና ያላቸው ስፖንሰሮች ስለሆኑ የመኖሪያ ፈቃዱንና ኤምቪቪ የሚባለውን መግቢያ ቪዛ በአንድ ላይ እነሱ ያመለክታሉ፤ እናንተ ከጸደቀ በኋላ ኤምባሲ ሄዳችሁ ቪዛውን ታስለጥፋላችሁ። የሚያዘገየው ሌላ ነው፤ የልደትና የጋብቻ የምስክር ወረቀት። እነዚህ መረጋገጥና ካስፈለገ መተርጎም አለባቸው፤ ኔዘርላንድስ ሲደረስ በማዘጋጃ ቤት ለመመዝገብም ይጠየቃሉ። ለሁለተኛ ዙር ከተጠራችሁበት ቀን ጀምሩት። ባል ወይም ሚስት በቤተሰብ ፈቃድ አብረው መምጣት ይችላሉ፤ ያለ ተጨማሪ የሥራ ፈቃድም ይሠራሉ።

ከውጭ ለተቀጠረ ሰው የደመወዙ 30 በመቶ ከግብር ነጻ የሚሆንበት ደንብ አለ፤ ከ2027 ጀምሮ 27 በመቶ ይሆናል። ለአብዛኛው ሠራተኛ የደመወዝ ወለል ቢኖረውም በዕውቅ ተቋም ለሚሠራ የሳይንስ ተመራማሪ ወለሉ አይሠራም። ዋናው ሁኔታ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በነበሩት 24 ወራት ውስጥ ከ16 ወር በላይ ከደች ድንበር 150 ኪሎ ሜትር ርቆ መኖር ነው። ጥያቄው በመጀመሪያዎቹ 4 ወራት ከገባ ከመጀመሪያው የሥራ ቀን ጀምሮ ይታሰባል፤ ካለፈ ያለፈው ወር ይቀራል። የሰው ኃይል ክፍሉን በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቁት።

መኖሪያ ቤት ከሁሉም ይከብዳል። ውሉን በፈረማችሁ ዕለት ለዩኒቨርሲቲው የቤት አገልግሎት ጻፉ፤ ለአዲስ የውጭ ሠራተኞች የተያዙ ክፍሎች ያሏቸው አሉ፣ ወረፋውም ረጅም ነው። ሳታዩት ወይም የምታምኑት ሰው ሳያይላችሁ ገንዘብ አትላኩ። ከ2023 ጁላይ ወዲህ በተፈረመ ውል አከራይ ከሁለት ወር መሠረታዊ ኪራይ በላይ መያዣ መጠየቅ አይችልም። የመጀመሪያው ደመወዝ የሚገባው በወሩ መጨረሻ አካባቢ ስለሆነ መያዣውንና የአንድ ወር ወጪን ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ከመፈረማችሁ በፊት ደግሞ አከራዩን አንድ ነገር አረጋግጡ፦ በዚያ አድራሻ ማዘጋጃ ቤት መመዝገብ ይቻላል? ካልተቻለ ቤቱ ቢረክስም ተዉት፤ ያለ ምዝገባ ቢኤስኤን የሚባለው የዜግነት አገልግሎት ቁጥር አይገኝም፤ ያለ ቁጥሩ ደግሞ በ4 ወር ውስጥ መግባት ያለበት የጤና መድን ሳይቀር ይጓተታል።